ለድሬዳዋ ደረቅ ቆዳ የትኛው ቅባት? ቫዝሊን፣ ክሬም፣ ሎሽን ወይስ ዘይት

ድሬዳዋ ላይ ቆዳ የሚደርቀው በፀሐይ ብቻ አይደለም። ሰው ያልበዋል፤ ያላበው ይታጠባል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ገላን መለቃለቅ ለከተማው ሰው የተለመደ ነው። የሚታጠብበት ውኃ ደግሞ ካልሲየም የበዛበት ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ውስጡን ያየ ሰው ግድግዳው ላይ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ውኃ ሳሙና ቶሎ አረፋ አይሰጥም፤ ሰውም አረፋ ፍለጋ ሳሙናውን ደጋግሞ ያሻል፤ ዝቃጩ ቆዳ ላይ ይቀራል። ማታ ቬንቲሌተሩ ፊት ለፊት ሲነፍስ ያድራል። ጠዋት ክርንና ቅልጥም አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ይነጋል።

ሐረር ሌላ ነገር ናት። ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ችግሯ ላብ ሳይሆን ከጥቅምት እስከ ጥር የሚዘልቀው ደረቅ ብርድ ነው። ለሐረር ሰው ቀኑን ሙሉ የሚስማማ ወፍራም ቅባት ከቀትር በኋላ በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ለሚሄድ ሰው መከራ ነው። ከዚህ በታች የምለው በዋናነት ለድሬዳዋ ነው፤ የሐረር አንባቢ በእያንዳንዱ ምርጫ አንድ ደረጃ ወፍራሙን ቢወስድ ይበቃዋል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ለደረቅና ቶሎ ለሚቆጣ ቆዳ የሚሻለው ቅባት ሽቶ የሌለበት፣ በትልቅ ጣሳ የሚሸጥና ሰው ሳይሳሳ የሚቀባው ነው። የአገሩ ስም፣ የማሸጊያው ውበት፣ ማስታወቂያ ላይ የምትታየው ሴት ፊት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ ባይመጡም ምንም አይጎድልም።

መጀመሪያ ሒሳቡ

የቆዳ ሐኪሞች ቅባትን በጣት ጫፍ ይለካሉ። ከቱቦ ተጨምቆ ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህ ከነጣቶቹ የሁለት መዳፍ ያህል ቦታ ይሸፍናል። በዚህ ልክ አንድ ክንድ ሦስት፣ አንድ እጅ ከነጀርባው አንድ፣ አንድ እግር ከታፋ እስከ ቁርጭምጭሚት ስድስት፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ደግሞ ሁለት የጣት ጫፍ ይወስዳል። የሁለቱም ወገን ሲደመር 24 የጣት ጫፍ፣ ማለትም 12 ግራም ነው። ሆድና ጀርባ፣ አንገትና ፊት ገና አልተቆጠሩም። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢቀቡ እንኳ ለወር 360 ግራም ያስፈልጋል። 50 ግራም የምትይዘው ቆንጆ ቱቦ በዚህ አያያዝ አራት ቀን ከጥቂት ብትቆይ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ገብተው ዋጋ ሲጠይቁ ዓይንዎ ከጣሳው በታች የተጻፈው ግራም ላይ ይሁን። ለስሌት ያህል፣ 50 ግራም በ300 ብር ቢባል ግራሙ 6 ብር ነው፤ 400 ግራም በ800 ብር ቢባል ግራሙ 2 ብር ነው። ሰው በ800 ብሩ ይደነግጥና ባለ 300ውን ይዞ ይወጣል፤ በሳምንቱም ተመልሶ ይመጣል፤ ወይም ላለመመለስ ሲል እየቆነጠረ ይቀባል። እየቆነጠሩ የተቀቡት ቅባት ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይሠራም። የጣሳውን ትልቅነትም አይመኑ፤ ከስሩ ወደ ውስጥ የገባ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ጣሳ ብዙ ነው። የሚታመነው የተጻፈው ቁጥር ነው።

ቫዝሊን

ስሙ የአንድ ድርጅት ምርት ቢሆንም እኛ ዘንድ የዚህ ዓይነት ቅባት ሁሉ ቫዝሊን ነው። የተሠራው ከነዳጅ ዘይት ተጣርቶ ሲሆን፣ ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት በ1872 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ውድ ነገር ተፈልስፏል፤ ከቆዳ የሚተነውን ውኃ በማስቀረት ግን እስከ ዛሬ የሚወዳደረው ርካሽ ነገር አልተገኘም።

ሥራው የድስት ክዳን ሥራ ነው፤ ውኃ አያመጣም፣ ያለውን ይይዛል። «ቫዝሊን ቀባሁ፣ አልረዳኝም» የሚሉ ሰዎችን ስትጠይቋቸው አብዛኞቹ ደርቆ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ነው የቀቡት። ከገላ መታጠቢያ እንደወጡ፣ በፎጣ እሽት ሳያደርጉ ነካ ነካ አድርገው ብቻ፣ ቆዳው ገና እርጥበት እያለው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲቀቡት ውጤቱ ሌላ ነው። ከጣሳው የተወሰደችውን መዳፍ መካከል አሟሙቶ በስሱ መዘርጋት፣ ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ማውረድ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያሹት ሰዎች የጸጉር ሥር ይደፈንባቸውና ትናንሽ ብጉር ይወጣባቸዋል፤ ጥፋቱ ከቅባቱ ይልቅ ከአቀባቡ ነው።

የሚገዛው ነጩ፣ ሽታ የሌለው፣ የይዘት ዝርዝሩ ላይ «ፔትሮላተም» ወይም «ዋይት ፔትሮሊየም ጄሊ» ብቻ የተጻፈበት ነው። ሮዝ ቀለም ያለው፣ የሕፃን ሥዕል የተለጠፈበት፣ ሲከፈት ክፍሉን የሚያውደው ቫዝሊን ሽቶ የተጨመረበት ነው፤ ለሕፃን ተብሎ ስለተሸጠ ለቁጡ ቆዳ የተሻለ አይሆንም። በድሬዳዋ ቀትር ጣሳው ውስጥ ልል ብሎ ዘይት ቢመስል አይጣሉት፤ አልተበላሸም፣ ሲበርድ ይረጋል።

ጉድለቱን እንናገር ከተባለ ዋናው መጣበቁ ነው። ቀን ቀን ከላብ ጋር ተደርቦ ያፍናል፤ የሙቀት ሽፍታ ለሚያስቸግረው ሰውና ለሕፃን አንገትና ብብት አይሆንም። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ነፋስ ሲያነሳውም እጅና እግር ላይ መርጎ ያስቀራል። ስለዚህ ቦታው ማታ ነው። ደግሞም አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ቫዝሊንና ፓራፊን ያለበት ቅባት የጠጣ ልብስና አንሶላ እሳት ከነካው ቶሎ ይቀጣጠላል። ቅባቱ ራሱ እንደ ቤንዚን አይነድም፤ ጨርቁ ውስጥ ሲገባ ግን ክር እንደ ጧፍ ይስበዋል። ከሰል አጠገብ ቡና የምታፈላ ሴት እጇን ጠርጋበት የሰነበተችውን ነጠላ ከምድጃው ብታርቅ ጥሩ ነው።

ክሬምና ሎሽን

ልዩነታቸው የውኃ መጠን ነው። ሎሽን ውኃው ይበዛል፣ ይፈስሳል፣ በቀላሉ ይዘረጋል፣ ቶሎም ይጠፋል። ክሬም ወፈር ይላል፤ ጣሳው ተገልብጦ አይፈስስም። ለደረቅ ቆዳ ክሬም ይሻላል፤ ለድሬዳዋ ቀን ግን ሎሽን የሚቻል ነው፤ እና የማይቻል ጥሩ ነገር ከሚቻል መካከለኛ ነገር አይበልጥም። የሚፈለገው ግሊሰሪን ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ፣ ማለትም ከውኃ ቀጥሎ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቦታ ላይ የተጻፈበት ነው። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው በመሆኑ፣ ከፊት ለፊት በትልቅ ፊደል «እሬት» ወይም «ማር» ብሎ ከኋላ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው አምራች የሰጠን ሥዕሉን ነው።

ሁሉም ሱቅ ያለችው ሰማያዊዋ የኒቪያ ጣሳ ብዙ ጊዜ ትጠየቃለች። ሰም መሰል ቅባቶችና ግሊሰሪን ስላሉባት ለደረቅ ቆዳ በእርግጥ ትሠራለች፤ ለሐረር ብርድ ደግሞ በተለይ። ነገር ግን ሽቶ አለባት፣ ከበግ ጸጉር የሚወጣ የላኖሊን ውጤትም አለባት፤ ሁለቱም ቁጡ ቆዳን ሊያስቆጡ ይችላሉ። ቆዳዎ ደረቅ ብቻ ከሆነ ይውሰዷት። ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ይለፏት።

ሴራማይድ፣ ማለትም ቆዳ ራሱ የሚሠራው ዓይነት ቅባት፣ ያለባቸው ከውጭ የሚመጡ ክሬሞች ጥሩ ናቸው፤ ገንዘብ ያለው ይግዛቸው። ፋርማሲ ውስጥ «አኩየስ ክሬም» ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ ነጭ ክሬም ካጋጠመዎት ግን ጀርባውን ያንብቡ፤ «ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት» የተባለ የሳሙና ዘር ካለበት ተቀብቶ ለመዋል የሚሆን አይደለም። በሳሙና ምትክ ተቀብቶ የሚታጠብበት ነው።

ግሊሰሪን፣ ዩሪያና ሎሚ

ንጹሕ ግሊሰሪን በትናንሽ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ርካሽም ነው። ውኃ የመሳብ ጠባይ አለው። አየሩ እርጥበት ሲኖረው መልካም ነው፤ በደረቅ አየር ንጹሑን ከተቀቡት ግን የሚስበው ውኃ ከራስዎ ቆዳ ከውስጥ ይሆናል፤ መጣበቁም ሌላ ጣጣ ነው። አንድ እጅ ግሊሰሪን ሦስት እጅ ንጹሕ ውኃ አድርጎ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየደባለቁ፣ እርጥብ ቆዳ ላይ ቀብቶ ከላይ በስሱ ቫዝሊን መደረብ ይሻላል። በአነስተኛ ወጪ ከዚህ የሚበልጥ ጥንድ አላውቅም።

ግሊሰሪን ላይ ሎሚ ጨምቆ መቀባት የሚሉት ግን ይቅር። ቀፊራ ገበያ ሎሚ በክምር ስለሚሸጥ እዚህ ከተማ ልማዱ ቀላል ሆኗል። የሎሚ ጭማቂ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይቃጠላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድን ደግሞ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። በድሬዳዋ ፀሐይ ይህን መሞከር ቆዳን በገዛ እጅ መጥበስ ነው።

ዩሪያ ሲባል ማዳበሪያ ትዝ የሚለው ሰው አልተሳሳተም፤ ኬሚካሉ አንድ ነው። ለቆዳ የሚሆነው ግን በንጽሕና ተመጥኖ ክሬም ውስጥ የገባው ነው፤ ከገበሬ ማኅበር ከረጢት የተዘገነው አይደለም። ከ5 እስከ 10 በመቶ ያለበት ክሬም ለቅርፊታምና ሻካራ ቆዳ ይስማማል፤ ከ20 በመቶ በላይ ያለው ለተሰነጠቀ ተረከዝ ነው። ክፍት ቁስልና ስንጥቅ ላይ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ለፊት፣ ለሕፃንና ለተቆጣ ቆዳ አልመክረውም። ዓመቱን ሙሉ ነጠላ ጫማ ለሚያደርግ የድሬዳዋ ሰው ተረከዝ ግን ከዩሪያ የሚሻል አይገኝም፤ ማታ ቀብቶ የጥጥ ካልሲ አድርጎ መተኛት ነው።

የቤት ዘይቶች

እናቶቻችን ሕፃን ሲያሹ ኖረዋልና በዘይት ላይ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ግን ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። የወይራ ዘይት ኦሌይክ አሲድ ይበዛበታል፤ ይህ አሲድ የቆዳን የላይኛ ሽፋን ያላላል፣ ለደረቅና ለቁጡ ቆዳ፣ በተለይም ለሕፃን፣ ጥቅሙ አጠራጣሪ ነው። የሱፍ አበባ ዘይት በአንጻሩ ሊኖሌይክ አሲድ ስላለበት ለቆዳ ሽፋን ይመቻል። ስለዚህ ርካሹ ውዱን ያሸነፈበት አንዱ ቦታ ይህ ነው፤ ለማእድ ቤት ከተገዛው የሱፍ ዘይት ጥቂት በንጹሕ ዕቃ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። የኮኮናት ዘይትም ጥሩ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ብዙውን ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል። የሰሊጥ ዘይት ለብዙ ሰው ምንም አይልም፤ ሰሊጥ ሲበሉ የሚያሳክካቸው ሰዎች ግን አይንኩት። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ለሁሉ ነገር መድኃኒት ተደርጎ ይሸጣል፤ ቁጡ ቆዳን አቃጥሎ የሚያቆስልበት ጊዜ ስላለ ሳይሞክሩ በፊት ላይ ማዋል አይገባም።

ቅቤ ለጸጉር የሚወደውን ሰው አልከራከርም። ለቆዳ ግን በሙቀት ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ልብስ ያበላሻል፤ በዋጋውም ቢሆን ዛሬ ቅቤን ርካሽ ቅባት የሚለው የለም።

ቃሲል እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ሰዎች ስለሚያደባልቁት ብቻ ነው። የሶማሌ ሴቶች ከቁርቁራ ቅጠል የሚያዘጋጁት ዱቄት አረፋ የሚያወጣ የፊት ማጠቢያ ነው፤ ቅባት አይደለም። ከተጠቀሙበት በኋላ ቆዳው ይወጠራልና ወዲያው ቅባት ማስከተል ያስፈልጋል።

ጣሳውን ማንበብ

ቁጡ ቆዳ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቃል «ፍራግራንስ» ወይም «ፓርፉም» ነው፤ ካለ ይመልሱት። ፊት ለፊቱ ላይ «አንሰንትድ» የሚል ጽሑፍ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አንዳንዱ ሽታውን ያጠፋው ሌላ ሽቶ ጨምሮ ነው። «ፍራግራንስ ፍሪ» የሚለው ይታመናል፤ የኋላው ዝርዝር ግን ከሁለቱም ይበልጥ ይታመናል። «ሴቲል አልኮሆል» ወይም «ሴቲሪል አልኮሆል» የሚል ካዩ አይደንግጡ፤ ስሙ አልኮል ይሁን እንጂ የሚያለሰልስ ሰም ነው። የሚያደርቀው «አልኮሆል ዲናት» የሚባለው ነው።

የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ዓመት እያሰቡ «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» እንዳይሉ። ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ሥዕልና «12 ኤም» የሚል ምልክት ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ያገለግላል ማለት ነው፤ እርግጥ በቂ የሚቀባ ሰው እዚያ ድረስ አያቆየውም።

የት ይገዛ? ታይዋን ገበያ ዕቃው ብዙ ነው፤ ዋጋው ይደራደራል። ቫዝሊን ከሆነ እዚያ ቢገዙት ብዙ አይጎዱም፤ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን ማየት ይበቃል። ክሬምና ሎሽን ግን ሌላ ነው። ነጋዴው ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ የደረደረው ክሬም ውስጡ ዘይቱና ውኃው ይለያያል፤ ሲከፈት ከላይ ቢጫ ፈሳሽ ያቀረረ፣ ከታች እንደ አይብ የቋጠረ ከሆነ ማማሰል አያድነውም። ለክሬም ጥላ ያለው ፋርማሲ ይሻላል፤ የሚበልጠው ጥቂት ብር ኪሳራ አይደለም።

ቅባት ተብሎ የሚሸጠው መድኃኒት

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። «ቆዳ ያለሰልሳል፣ ያጠራል፣ ያቀላል» ተብለው በትናንሽ ቱቦና ጣሳ ከሚሸጡት መካከል ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለባቸው አሉ። እነዚህ ሐኪም ለተወሰነ ቀን የሚያዛቸው ብርቱ ስቴሮይዶች፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያፍኑ መድኃኒቶች ናቸው። የሚያታልሉትም በእርግጥ ስለሚሠሩ ነው፤ ማሳከኩ በሁለት ቀን ይጠፋል፣ ፊቱ ይወዛል፣ ጎረቤት ያደንቃል። ወራት ሲቆጠሩ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ አፍ ዙሪያ ብጉር ይወጣል፣ ሲያቆሙት ፊት እሳት የነካው ያህል ያቃጥላል። ሃይድሮኪኖን የተባለው ቆዳ የሚያቀላ ኬሚካል ያለበትም ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ያጠቁራል፤ ላለመጥቆር የገዙት ያጠቆራቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አደጋው የባሰ ነው፤ በአንሶላና በፎጣ በኩል ለቤተሰቡም ይተርፋል። ዝርዝሩ ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪ» የሚል ካለ፣ ወይም ጭራሽ ዝርዝር ከሌለው፣ በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት። እንዲህ ዓይነቱን ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ የቆየ ሰው በድንገት ከመጣሉ በፊት ሐኪም ቢያማክር ሕመሙ ይቀልለታል።

ለማን የትኛው

በጀቱ ለአንድ ጣሳ ብቻ የሚበቃ ሰው ነጩን ቫዝሊን ይግዛ፤ ማታ ከገላ በኋላ ይቀባ። ሁለት የሚችል ግሊሰሪን ያለበት ሽቶ አልባ ሎሽን ለቀን ይጨምር። ፊቱ ብጉር የሚያወጣ ሰው ለፊቱ ሎሽኑን፣ ለሰውነቱ ቫዝሊኑን ይለይ። ለሕፃን ነጩ ቫዝሊን ወይም የሱፍ ዘይት ይበቃል፤ ቫዝሊኑ ግን አንገቱና ብብቱ ላይ አይሁን። እጁን ሲታጠብና ሲያጥብ የሚውል፣ እቃ አጣቢም ሆነ ነርስ፣ ቅባቱን ትንሽ ቱቦ ውስጥ ከጎኑ ይያዝ፤ ከእያንዳንዱ መታጠብ በኋላ ይቀባ።

አዲስ ነገር ሲገዛ የክርን መታጠፊያ ውስጥ ትንሽ ቦታ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ለሳምንት መሞከር ነው። ሳሙናውንም መቀየር ሳይረሳ፤ በልብስ ሳሙና ገላውን እየታጠበ ቅባት የሚገዛ ሰው በአንድ እጁ የሚሠራውን በሌላው ያፈርሳል። ለብ ያለ ውኃ፣ አጭር መታጠብ፣ ሳሙና ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ብቻ።

በሁለት ሦስት ሳምንት ካልተሻለ፣ ቆዳው ውኃ ካዠ ወይም ቢጫ ቅርፊት ካበጀ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል መሄድ ይገባል። በጠይም ቆዳ ላይ ችፌ እንደ ፈረንጅ መጽሐፍ ሥዕል አይቀላም፤ ይጠቁራል ወይም ግራጫ ይመስላል፣ ሲዳስሱት ይጎረብጣል፤ ስላልቀላ ቀላል ነው አይበሉ። ማታ ማታ የሚብስ ማሳከክ ከሆነና ቤት ውስጥ ሌላም ሰው የሚያክከው ካለ ደግሞ ነገሩ የቆዳ ድርቀት ላይሆን ይችላል፤ እከክ ከሆነ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን መድኃኒት ይቀባል፣ አንሶላውና ልብሱ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ ቫዝሊኑ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።